የጠርጥር ጆሮ

አዴ ደብሪቱ ውሻቸውን «ጠርጥር» ያሉት ጎረቤት እንዲሰማው ነው። አገሩ እንዲህ ነው፤ ፊት ለፊት የማይነገረውን ነገር ሰው ውሻው ላይ ይለጥፍና ጠዋት ማታ አጥር ላይ ቆሞ ይጣራዋል። ጎረቤታቸው ኦቦ ጀቤሳም መልእክቱ ሲደርሳቸው ጊዜ አላጠፉም፤ ያኔ ያሳድጉት የነበረውን ቡችላ «ምናገባሽ» አሉት። ከዚያ ወዲህ በአንዱ አጥር «ጠርጥር» ሲባል ከወዲያኛው «ምናገባሽ» እየተባለ፣ ሁለቱ ውሾች ምንም ሳይበድሉ የጌቶቻቸውን ነገር ተሸክመው አደጉ።

አዴ ደብሪቱ ዕድሜያቸውን የፈጁት ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ወንድም ወንድሙን ሲከስ፣ ባል ሚስቱን ሲክድ፣ ምስክር ሲገለበጥ፣ ሁሉም በእጃቸው አልፏል። ጡረታ ሲወጡ ወንበሩን ለቀቁ እንጂ ልማዱን አልለቀቁም። ሰው ሲስቅላቸው «ምን ፈልጎ ነው?» ይላሉ፤ ሲያዝንላቸው «ምን አድርጎ ነው?» ይላሉ። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይኖራል ስንጥር» ሲባል እውነት ነው፤ እሳቸው ግን ስንጥሩን ሲፈልጉ ገንፎው የሚቀዘቅዝባቸው ሰው ነበሩ።

ከዚህ ሁሉ ጥርጣሬ ያመለጠች አንዲት ሰው ነበረች፤ ጊፍቲ። አዴ ደብሪቱና ሟቹ ባለቤታቸው ልጅ አልወለዱም። ጊፍቲን ያመጧት ጎጆ ከምትባለው የደጋ ከተማ፣ ከባለቤታቸው ዘመዶች ቤት፣ ገና በእግሯ ሳትቆም ነው። ያመጧት ደግሞ በጉዲፈቻ ነው፤ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ተመርቆ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ከአብራካችሁ የወጣች ናት» ተብሎ። በዚያ ሕግ የወሰዱት ልጅ አይመለስም፤ የሰጠም መልሱልኝ አይልም። ጊፍቲ እሳቸውን በኦሮምኛ «አዮ»፣ እናቴ፣ እያለች አድጋ፣ አምቦ ከተማ መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ሆና፣ እሑድ እሑድ በትንሿ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያናቸው ከመዘምራን ጋር ትዘምር ነበር። አዴ ደብሪቱ ከበሩ ላይ ሆነው «ጊፍቲ» ብለው ሲጣሩ ድምፃቸው ሌላ ነው፤ ለማንም በዚያ ድምፅ ተናግረው አያውቁም።

በ2003 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ይህ ቤት ተናጋ። የቤተ ክርስቲያኑ በር እንደ ነገሩ በቆርቆሮ የተሠራ ስለነበር የመዘምራኑ ኪቦርድ የሚያድረው እዚሁ ግቢ፣ ሰርቪስ ቤቷ ውስጥ ነበር። አንድ ጠዋት ኪቦርዱ የለም። የግቢው በር ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው፤ የሰርቪስ ቤቷ ቁልፍ ሳይሰበር ተከፍቶ ተንጠልጥሏል፤ መክፈቻው ደግሞ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ጊፍቲ ዘንድ ነው።

አጥር እንደሚዘለል አዴ ደብሪቱ አላጡትም። ያን ዓይነቱን የገበያ ቁልፍ ምስማርም እንደሚከፍተው ያውቃሉ። ያልተፈታላቸው የጠርጥር ዝምታ ነው። ጠርጥር እንግዳ ሰው ባየ ቁጥር ሰንሰለቱን ሊበጥስ ይደርሳል። ያን ሌሊት ግን አልጮኸም፤ እሳቸው አልሰሙም፣ ከአጥር ወዲያ ያሉት ኦቦ ጀቤሳም አልሰሙም። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ የማይጮኸው ለሚያበላው ብቻ ነው። ጠርጥርን የሚያበሉት ደግሞ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ እሳቸው ናቸው።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሊያጽናኑ መጥተው እንደተቀመጡ፣ አዴ ደብሪቱ ተነሡና የጊፍቲን ሻንጣ ከአልጋ ሥር ጎትተው በመካከላቸው ከፈቱት። ኪቦርድ ሻንጣ ውስጥ እንደማይገባ ጠፍቷቸው አይደለም፤ ፍንጭ ነበር የሚፈልጉት። የዝማሬ ልብሷ ወጣ፤ የውስጥ ልብሷ ወጣ፤ የምታስተምራቸው ሕፃናት የሣሉላት ሥዕል በፌስታል ተጠቅልሎ ወጣ። ሌላ ምንም የለም። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬቱን ያዩ ጀመር።

«አዮ፣ አላደረግኩም» አለች ጊፍቲ። አንዴ ብቻ ነው ያለችው።

«እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ጠርጥር ነው» አሉ አዴ ደብሪቱ። «ጠርጥር አይዋሽም።»

በማግስቱ ጊፍቲ ሻንጣዋን እዚያው በተከፈተበት ትታ ወደ ወለዷት ሰዎች ወደ ጎጆ ሄደች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አዴ ደብሪቱም ከአፋፉ ወርደው ሊያነሡት አልሞከሩም። ይልቁን ትክክል መሆናቸውን ለራሳቸው ደጋግመው አስረዱ። ሲመሽ ግን ሳያስቡት ለሁለት ሰው ይሠራሉ። የቀረውን ለጠርጥር ይሰጡና አጠገቡ ቆመው ሲበላ ያዩታል። ጊፍቲ ናፍቃቸው ነበር፤ መናፈቃቸውንም ይጠረጥሩት ነበር።

ዶክተር ሞሲሳ ያን ቀን ሻንጣው ሲከፈት ከነበሩት ሽማግሌዎች አንዱ ነው። ሽማግሌ ይባል እንጂ በዕድሜ ልጃቸው ይሆናል። ጉደር ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል፤ ምርምሩ በእንስሳት ጆሮ ላይ ነው። ጥር ላይ አንድ ከሰዓት ሊጠይቃቸው መጣ። ግቢ ውስጥ ቆመው ሲያወሩ አዴ ደብሪቱ የያዙት የብረት ድስት ከነክዳኑ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ዶሮዎቹ ተበታተኑ። ከአጥር ወዲያ ምናገባሽ ጮኸ። ጠርጥር እዚያው ጀርባውን ሰጥቶ እንደተኛ ነው፤ ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም።

ዶክተር ሞሲሳ ድስቱን ማንሣት ረስቶ ውሻውን ያይ ጀመር። ከኋላው ሄዶ አጨበጨበ። አፏጨ። ከዚያ ዞር ብሎ ጠየቃቸው።

«አዴ ደብሪቱ፣ ይህ ውሻ ይሰማል?»

በአዴ ደብሪቱ ልብ መጀመሪያ የመጣው «ይህ ሰው ከጊፍቲ ጋር ምን አለው?» የሚል ነው። እንዴት አይሰማም፣ ምግቡን ይዘው የማዕድ ቤቱን በር ሳይከፍቱ ይነሣል አሉ። የምግቡ ሽታ ነው የሚያስነሣው አለ ዶክተሩ። በሩ ሲንኳኳስ አሉ። ሰንሰለቱ ከበሩ ምሰሶ ጋር ነው የታሰረው፣ ሲንኳኳ ይነዝረዋል አለ። ቀን ሙሉ ሲጮህ የሚውለውስ አሉ። የሚጮኸው ባየው ነው፤ ሌሊት ጨለማ ነው፣ ቢተኛ ማን ይቀሰቅሰዋል አለ። ያወጡትን ሁሉ እየተቀበለ ሲያስቀምጥባቸው አዴ ደብሪቱ ተናደዱ። እሱ ግን ሊከራከር አልፈለገም። ግምት ከሚሆን ጆሮው ራሱ ይጠየቅ፣ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ጉደር አለኝ ብሎ ሄደ።

ያን ዕለት አዴ ደብሪቱ ነገሩን እንደ መዝገብ ገለጡት። ጠርጥር የሚሰማ ከሆነ እሳቸው ትክክል ናቸው፤ ጊፍቲ ሌባ ናት። የማይሰማ ከሆነ ደግሞ የዝምታው ምስክርነት ባዶ ነው፤ ኪቦርዱን ማንም መንገደኛ ወስዶት ሊሆን ይችላል፤ እሳቸውም ልጃቸውን በሰው ፊት ገፍፈዋታል። ሁለቱም አስፈራቸው። በመጨረሻ እሺ ያሉት ዶክተሩን ሲዋሽ ልይዘው እችላለሁ ብለው ነው።

ቅድመ ሁኔታም አስቀመጡ። መሣሪያው መጀመሪያ በሌላ ውሻ ይፈተን፤ ውሻውን ደግሞ ዶክተሩ ሳይሆን እሳቸው ይምረጡ። የመረጡት ምናገባሽን ነው። ኦቦ ጀቤሳ በምንም ተአምር ለእሳቸው ቤት ሰው ብለው እንደማይዋሹ እርግጠኛ ነበሩ፤ እንደ ጠላት የሚታመን ምስክር የለም። ኦቦ ጀቤሳ ሲጠየቁ እንቢ ይላሉ ተብሎ ተጠብቆ ነበር። «ለጊፍቲ ከሆነ» ብለው ውሻቸውን አሰሩ።

ቅዳሜ ጠዋት የዶክተሩ ፒክአፕ ሁለቱን ውሾች ከኋላ ጭኖ ወደ ጉደር ወረደ። ሁለቱ ጎረቤታሞች አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው እስኪደርሱ አንድ ቃል አልተለዋወጡም። ውሾቹ ግን አፋቸው እንደታሰረ ተደጋግፈው ተኝተው ነበር።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ጠረጴዛ፣ ስክሪን፣ አንድ ጥቁር ስፒከርና ብዙ ሽቦ አለ። ዶክተር ሞሲሳ ምናገባሽን በማደንዘዣ አስተኝቶ እየሠራ አስረዳቸው። ከጆሮ በስተውስጥ፣ ከአጥንቱ ውስጥ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠቀለለ ውሃ ያቆረ ትንሽ ዋሻ አለ። በዋሻው ውስጥ ዓይን የማያያቸው ፀጉሮች ተሰድረዋል። ድምፅ ሲገባ ውሃው ይንቀጠቀጣል፤ ፀጉሮቹ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዙ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ያ ኤሌክትሪክ የገባውን ድምፅ መልክ ይከተላል፤ ቀጭን ለገባ ቀጭን፣ ወፍራም ለገባ ወፍራም። ዶክተሩም እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ በጆሮው ታምቡር አሳልፎ አጥንቱ ላይ ያስጠጋና ኤሌክትሪኩን ይቀበላል። ቀዳዳው በራሱ ይድናል። የተቀበለውን አጉልቶ ስፒከር ላይ ሲለቀው የገባው ድምፅ ተመልሶ ይሰማል።

«ተኝቶም?» አሉ አዴ ደብሪቱ።

«ውሻው ይተኛል እንጂ ይህ የጆሮ ክፍል አይተኛም። ማስመሰልም አይችልም።»

አዴ ደብሪቱ ሽቦውን እስከ ግድግዳው ድረስ በዓይናቸው ተከተሉት። ኤሌክትሪኩ ከጆሮው ሳይሆን ከሶኬቱ አለመምጣቱ በምን ይታወቃል ብለው ጠየቁ። ዶክተር ሞሲሳ ደስ አለው። እኛም የምንፈራው ይህንኑ ነው፣ ሽቦ ከሽቦ ሐሜት ይቀበላል አለ። ለዚህ ሲባል ድምፁ የሚገባው በሽቦ አይደለም፤ ከጎን ካለው ክፍል ግድግዳውን ሰንጥቆ በመጣ የጎማ ቱቦ ነው። ጎማ ደግሞ ድምፅ እንጂ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ጥሩ ተመራማሪ ይወጣዎት ነበር ሲላቸው አዴ ደብሪቱ በልባቸው ምን ፈልጎ ነው አሉ።

ኦቦ ጀቤሳ ወደ ጎን ክፍል ገቡ። በሩ ተዘጋ። አዴ ደብሪቱ ከስፒከሩ አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ። መጀመሪያ የተሰማው እንደ ሩቅ ዝናብ ያለ ሹሹታ ነው። ከዚያ ከሹሹታው መካከል፣ ከእንስራ ውስጥ የሚናገር ይመስል የሰው ድምፅ ወጣ። ቀጭን ነው፣ ግን የኦቦ ጀቤሳ መሆኑ አያጠራጥርም።

«ምናገባሽ» ይል ነበር። «ምናገባሽ… ምናገባሽ…»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አዴ ደብሪቱ ተነሥተው ይሄዱ ነበር። አሁን ግን ሽቦውን አውጣው አሉ። ዶክተሩ ቀጭኑን ሽቦ ከጆሮው ሳብ አደረገው፤ ድምፁ ጠፍቶ ሹሹታው ቀረ። ኦቦ ጀቤሳ ግን ከግድግዳው ወዲያ እየተጣሩ ነው፤ በስሱ ይሰማል። መልሰው አሉት፤ መለሰው፤ ድምፁ ተመለሰ። እንደገና አሠሩት። ሦስተኛ ሊያሠሩት አፋቸውን ከፍተው ተዉት። ያ የውሻ ጆሮ በእርግጥ ይናገር ነበር።

ቀጥሎ ጠርጥር ተኛ። ያው ሽቦ፣ ያው ቱቦ፣ ያው ስፒከር። ኦቦ ጀቤሳ ተጣሩ። ሹሹታ። ዶክተሩ ማጉያውን ጨመረ፤ ሹሹታው ጨመረ እንጂ ሌላ ነገር አልመጣም። አዴ ደብሪቱ ጀቤሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይሆናል አሉና ራሳቸው ወደ ጎን ክፍል ገቡ፤ ኦቦ ጀቤሳ በእሳቸው ወንበር ተቀመጡ።

ክፍሉ ባዶ ነው፤ ከግድግዳው የወጣ የጎማ ቱቦ ጫፍ ብቻ አለ። አዴ ደብሪቱ አፋቸውን አስጠግተው «ጠርጥር» አሉ። በሩን የከፈተ የለም። ጮክ ብለው ጠሩት። እንደ ጠዋቱ፣ አጥር ላይ ቆመው እንደሚጠሩት ጠሩት። መዝሙር ጀመሩ፤ ሁለት መስመር ሄደው አቆሙ። ቱቦው እጃቸው ውስጥ ሞቋል። ከዚያ ሳያስቡት፣ ጊፍቲ ከሄደች በኋላ ያልወጣው፣ በሩ ላይ ሆነው የሚጠሩበት ድምፃቸው በቱቦው ውስጥ ወጣ።

«ጊፍቲ።»

ጠበቁ። «ጊፍቲ» አሉ ደግመው።

በሩ ተከፈተ። ኦቦ ጀቤሳ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ደፉ ላይ ቆሙ።

«አዴ ደብሪቱ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ምንም አልመጣም።»

አዴ ደብሪቱ መጀመሪያ ያደረጉት በጎረቤታቸው ፊት ላይ ፌዝ መፈለግ ነው። ፈለጉ፤ አጡ። ያ ሰው አዝኖ ነበር።

የጠርጥር ሌላኛው ጆሮም ተፈተነ፤ ያው ነው። ዶክተር ሞሲሳ ሽቦውን እየጠቀለለ ውሻው ታሞ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀ። ታሞ ያውቃል። አምና ባጃጅ ገጭቶት እግሩ መግል ቋጥሮ ነበር። የከብት ሐኪሙ ጠዋት ጠዋት እየመጣ የስትሬፕቶማይሲን መርፌ ይወጋው ጀመር፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ይበቃዋል አለ። አዴ ደብሪቱ ግን መድኃኒቱን በውሃ እየበረዘው ነው፣ የቀረውን ለሌላ ሊሸጠው ነው ብለው ጠረጠሩ። እንዳያቆም ለምነው አስቀጠሉት። እሱንም ስላላመኑት ከከተማው ሌላ ጫፍ ሌላ ወጊ አምጥተው ማታ ማታ በስውር ያስወጉት ጀመር። አንዱ የሌላውን ሳያውቅ ወሩ አለቀ። እግሩ ዳነ። ውሻው ግን ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሲሄድ ይንገዳገድ ነበር።

ኦቦ ጀቤሳ ቀና አሉ። «ሚስቴ የጠላ አተላ አጠጥታ አሰከረችው ያሉን ጊዜ ነው?» ብለው ጠየቁ። ያን ጊዜ ነው። በዚያ ነገር ሁለቱ ቤቶች ዓመት ተኳርፈዋል።

ዶክተር ሞሲሳ አንገቱን ደፍቶ ነገራቸው። ያ መድኃኒት ሲበዛ ሚዛን ያስታል፤ እነዚያን ፀጉሮችም ይገድላል። አንዴ ከሞቱ ደግመው አይበቅሉም። ፀጉር ከሌለ ኤሌክትሪክ የለም፤ ኤሌክትሪክ ከሌለ ለውሻው ዓለም ዝም ብላለች። ጠርጥር ያን ሌሊት ያልጮኸው ሌባውን ስላወቀው ሳይሆን ስላልሰማው ነው። ያደነቆረው ደግሞ መርፌው ነው። መርፌውን ያስደገመው ማን እንደሆነ ዶክተሩ አልተናገረም፤ መናገርም አላስፈለገውም።

አዴ ደብሪቱ አፈሩ። ሰው ላይ ሲያዩት የኖሩት እፍረት እንዲህ ከባድ መሆኑን አያውቁም ነበር። ጠረጴዛው ላይ የተኛውን ውሻ ራሱን ዳበሱት። ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ኦቦ ጀቤሳን ስለ አተላው ይቅርታ ጠየቁ። ኦቦ ጀቤሳም አለፈ አሉ፤ የመንገዱን ግማሽ ከሄዱ በኋላም፣ ሌባውን ግን እንግዲህ አናገኘውም አሉ። አልተገኘምም።

በማግስቱ እሑድ አዴ ደብሪቱ ጉባኤው ፊት ቆሙ። ሻንጣው የተከፈተው በሽማግሌዎች ፊት ስለነበር በእነዚያው ሽማግሌዎች ፊት ልጄ ንጹሕ ናት አሉ፤ ውሻው ደንቆሮ እንደሆነም፣ ያደነቆሩት እሳቸው እንደሆኑም ተናገሩ። አንዳንዱ አለቀሰ። እሳቸው አላለቀሱም። ሰኞ ማለዳ ሻንጣውን አንሥተው ጎጆ በሚወጣ መኪና ተሳፈሩ።

ጎጆ ይበርዳል። መንገዱ ድንጋይ ነው፤ መኪናው በድንች ማዳበሪያና በሰው ታጭቋል። አዴ ደብሪቱ ሻንጣውን ጣሪያ ላይ አስሩት ቢባሉ እንቢ ብለው ጉልበታቸው ላይ አድርገውት ሄዱ። በልባቸው የሚናገሩትን ያዘጋጁ ነበር። ቀንድ አውጣውን፣ ፀጉሮቹን፣ ቱቦውን፣ ሽቦው ሲወጣ ድምፁ መጥፋቱን ሁሉ በተራ በተራ ደረደሩት። ይህን ስትሰማ የማትረታ ልጅ የለችም ብለው አሰቡ።

ከአጥሩ ሳይደርሱ አንድ ግራጫ ውሻ ኮቴያቸውን ሰምቶ ከጓሮ እየጮኸ መጣባቸው። ተከትሎት ጊፍቲ ወጣች። ድንች ስትለቅም ነበር፤ እጇ አፈር ነው። ከስታለች። ውሻውን በአንገቱ ይዛ ቆመች።

«ደኅና መጡ፣ አዴ ደብሪቱ» አለች።

ከተማው ሁሉ አዴ ደብሪቱ ነው የሚላቸው፤ ስሙ የአክብሮት ነው። ከእሷ አፍ ግን ሰምተውት አያውቁም። «አዮ» የምትል፣ «አንቺ» የምትል ልጅ ነበረች። ሻንጣው ከበዳቸው።

ወላጅ እናቷ ዱሬቲ ወንበር አቀረበችላቸው፤ ትኩስ ድንችና ወተት አመጣች። ቂም አላሳየችም። ግን እጇን እያፍተለተለች፣ እኛ ሰጥተንሽ ነበር፣ የተሰጠ እንደማይመለስ ታውቂያለሽ፣ ያን ቀን በር ላይ ስትቆም ልጄ ልበላት እንግዳ ልበላት ጠፋኝ አለች። ከዚያ ሁለቱን ትታ ወጣች።

አዴ ደብሪቱ ያዘጋጁትን ሁሉ ተናገሩ። ጊፍቲ አላቋረጠቻቸውም። ጠርጥር መደንቆሩን ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ለውሻው ነው። ጉባኤው ፊት መናገራቸውንም ሰማች። ሲጨርሱ እጇ ላይ የደረቀውን አፈር አራገፈች።

«እኔ አላደረግኩም ስል አላመኑኝም» አለች። «ሽቦው ሲነግርዎ አመኑ።»

«ልጄ፣ ማስረጃ…»

«ጠርጥር የሚሰማ ሆኖ ቢገኝ ኖሮስ? ያው እኔ ነኝ፤ አልወሰድኩም። ግን ሌባ ሆኜ እቀር ነበር። አይደለም?»

 ለሰው ሁሉ መስቀለኛ ጥያቄ ሲያዘጋጁ የኖሩት አዴ ደብሪቱ ጥያቄዋን ለራሳቸው ደገሙት። እውነት ነበረች። ያን ጠባብ ክፍል ሲገቡ የልጃቸውን ንጽሕና ለአንድ ውሻ ጆሮ ሰጥተው ነው የገቡት፤ ስፒከሩ «ጊፍቲ» ብሎ ቢመልስላቸው ዛሬ እዚህ አይቀመጡም ነበር። ያኔ አለቀሱ። ይቅር በይኝ አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ያን ሁሉ ማስረጃ ተሸክመው መጥተው የቀራቸው ይህች አንዲት ቃል ነበረች።

ጊፍቲ ይቅር ብያለሁም አላለች፣ አላልኩምም አላለች። ወተቱ ሳይቀዘቅዝ ይጠጡ አለች። ሻንጣውን ተቀብላ፣ ሳትከፍተው፣ ግድግዳው ጥግ አስቀመጠችው። አብረን እንሂድ የሚለውን አዴ ደብሪቱ በአፋቸው ይዘው ነበር፤ ዋጡት።

ማታ ጎጆ ስለሚበርድ ዱሬቲ እደሩ ብላ ለመነች፤ መኪና ሳያመልጠኝ ብለው ተነሡ። ጊፍቲ እስከ አጥሩ ሸኘቻቸው። ግራጫው ውሻ አሁንም አላመናቸውም፤ ጥርሱን እያሳየ ያጉረመርማል። ያዘችው።

«ሲመጡ በሩ ላይ ቆመው ይጣሩ» አለች ውሻውን እያየች። «ይኼኛው ይሰማል።»

አዴ ደብሪቱ መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ያቺን «ሲመጡ» ያገላብጧት ጀመር። ከይሉኝታ ነው ያለችው? እናቷ አዝዛት ነው? ወይስ ለእንግዳ ሁሉ የሚባል ነገር ነው? በልማዳቸው ከሥሯ ሊመረምሯት ጀምረው፣ መኪናው ቁልቁለቱን ሲይዝ ተዉት። እንዳለችው ወሰዱት።